ወይዘሪት ጁሀራ ከማለዲን በእንግሊዝኛ ቃላት ላይ የዘመቱት ሦስተኛው ዘመቻ

እነሆ፣ ዓለም በተፈጠረ በሰባት ሺህ አራት መቶ ሰባ ስድስተኛው ዓመት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ አብዮቱ በፈነዳ በአሥረኛው፣ ኦቦ ዱጉማ በሮቤ ቀበሌያችን በሊቀ መንበርነት በተቀመጡ በአራተኛው፣ የጤና ጣቢያችን ጣራ ማፍሰስ በጀመረ በሁለተኛው ዓመት፣ ጥቅምት በባተ በዘጠነኛው ቀን፣ የመርፌ እመቤት፣ የፋሻ ባለሟል፣ ቁስል ከሩቅ አይቶ የሚፈራቸው ወይዘሪት ጁሀራ ከማለዲን፣ የሮቤ ጤና ጣቢያ ድሬሰር፣ በእንግሊዝኛ ቃላት ላይ ሦስተኛውን ዘመቻ ሊዘምቱ ተነሡ። ይህን የምጽፍ እኔ መሸሻ ነኝ፤ በጎጃም ቅኔ ቤት አምስት ዓመት ተቀምጬ፣ ዛሬ በዚሁ ጤና ጣቢያ ካርድ የማወጣ። ያየሁትን እጽፋለሁ፤ ያልጣመው አያንብብ።

የጦርነቱም ምክንያት ይህ ነበር። ነርስ ትምህርት ቤት ለመግባት የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ማለፍ ግድ ነው፤ ከመቶ ሐምሳ ያላመጣ ደጁን አይረግጥም። ጁሀራም ከመጀመሪያው ዘመቻ ሠላሳ አንድ፣ ከሁለተኛው ሠላሳ ስምንት ይዘው ተመለሱ፤ ሁለቱንም ጊዜ የጣሏቸው ከባድ ከባድ ቃላት ነበሩ። ከሦስት ጊዜ በላይ መፈተን ደግሞ አይፈቀድም። አሁን ከወደቁ በቃ፣ ዕድሜ ልካቸውን ቁስል እያጠቡ፣ ሐኪም የጻፈውን ወረቀት ምን እንደሚል ሳያውቁ ለበሽተኛ እያቀበሉ ሊኖሩ ነው። አንዲት የሃረና ሴት ልጇን አዝላ፣ ወረቀቷን ዘርግታ ምን እንደሚል በጠየቀቻቸው ዕለት፣ ጁሀራ ዕቃ ቤት ገብተው ሲያለቅሱ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ በቅጡ አልበሉም።

በከተማውም አንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት ብቻ ነበር፤ ባለቤቱ መምህር ዘሪሁን ወደ ደሎ መና ሲዛወር ሸክም ለማቅለል ትቶት ሄደ፤ አከራዩም ለባለሱቋ ለእትዬ ዙቤዳ ሰጧቸው፤ እትዬ ዙቤዳም እየገነጠሉ ስኳርና ጨው ይጠቀልሉበት ጀመር። ጁሀራ ወሬውን ሰምተው እየሮጡ በደረሱ ጊዜ ከኤ እስከ ኤስ ያለው ሠራዊት በየጓዳው ተማርኮ፣ በልባሱ ውስጥ የቀረው ከቲ ወዲያ ያለው ጭፍራ ብቻ ነበር። ወኮነ ዐቢይ ኀዘን፤ ትልቅ ኀዘን ሆነ። እትዬ ዙቤዳም ሚዛናቸውን አቁመው እንዲህ ሲሉ አወጁ፤ «ወላሂ፣ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ የትምህርት ነገር መሆኑን መች አወቅሁ! ወረቀቱ ጠንካራ ነው፣ ጨው አያፈስም ብዬ ነው እንጂ። ይኸው ጨው የወሰደ ሁሉ በየቤቱ አለ፤ ስም ስሙን እነግርሻለሁ፣ ሂጂና አስመልሺ!»

ነገሩ ግን ከኦቦ ዱጉማ ጆሮ ደረሰ። ኦቦ ዱጉማ ባለፈው ክረምት በችግኝ ተከላ ከቀበሌዎች ሁሉ መጨረሻ ወጥተው፣ በስብሰባ መካከል ቆመው የተወቀሱ ሰው ነበሩና፣ ዘመቻ የሚባል ነገር ሲሰሙ ያንገበግባቸዋል። ወዲያው ድምፅ ማጉያውን አስነሥተው እንዲህ ሲሉ አወጁ፤ «ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማው ንገር! ጓዲት ጁሀራ ቃል አንሷታል። እያንዳንዱ አባወራና እማወራ እስከ ዓርብ አንድ አንድ ወረቀት እንግሊዝኛ ያስገባ። የሌለው ፈልጎ ያምጣ። ኮታ ኮታ ነው!»

ከዚህ በኋላ የሆነውን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ጥፋቱ የኔም ነውና። መዝገበ ቃላቱ የገባባቸው ቤቶች ቢበዛ መቶ ናቸው፤ ኮታው የተጣለው ግን በአራት መቶ ቤት ላይ ነበር። በዚያ ዘመን ደግሞ ኮታ ተጥሎበት «የለኝም» የሚል ማን ነው? እናም ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሕዝቡ በየማዕረጉ ተሰልፎ መጣ። ጠላ ሻጯ ውዴ፣ አብሽ የቋጠረችበትን እውነተኛ የኤም ገጽ አመጣች፤ ቅቤ ጠጥቶ ስለነበር ፀሐይ ላይ ካልያዙት አይነበብም። ሌላው የበግ ቅማል መድኃኒት መመሪያ፣ ሌላው የአይጥ መርዝ ካርቶን፣ ሌላው የባትሪ ድንጋይ መጠቅለያ፣ አንድ የሶፍ ዑመር ሰው ዋሻ ሊያይ የመጣ ፈረንጅ የጣለውን ወረቀት፣ አንዲት አሮጊትም በሩሲያ ፊደል የተጻፈ፣ ምንነቱ እስከ ዛሬ ያልታወቀ ነገር አመጡ። የመንግሥት እርሻው የኮምባይነር መካኒክ መሀመድአወል ግን ባዶ እጁን መቅረብ አፍሮ የማሽኑን መመሪያ መጽሐፍ ከነጥራዙ ተሸክሞ መጣና፣ «የሰማንያ ስምንት ቤት ኮታ ብቻዬን አስገባሁ!» ሲል በአደባባይ አወጀ። እኔም መሸሻ፣ እንግሊዝኛ የሚባል የማላውቅ ሰውዬ፣ መርማሪ ተብዬ ተሹሜ ነበርና በሁሉም ላይ የካርድ ክፍሉን ማኅተም እየመታሁ አሳለፍኩ። በሩሲያው ወረቀት ላይ አንዳንዱ ፊደል ወዲያ ዞሮ ባየው ጊዜ፣ ወረቀቱን ገልብጬ መታሁበት። ምን ላድርግ ታዲያ!

ወእምዝ፣ ከዚህም በኋላ፣ ጁሀራ ቤታቸውን ከወለል እስከ ኮርኒስ በዱቄት ሙጫ በእነዚያ ወረቀቶች ለጠፉት፤ ሦስት ወርም ከግድግዳው ጋር ተዋጉ። በሰሜኑ ግድግዳ የመዝገበ ቃላቱ ምርኮኞች፣ በደቡቡ በግና አይጥ፣ ከአልጋቸው ራስጌ እስከ በሩ ድረስ ኮምባይነር ነበረ። ፋሻ እያሰሩ ያነበንባሉ፤ መርፌ እየወጉ ያነበንባሉ፤ በሽተኞቹም ዱዓ መስሏቸው «አሚን» ይሉ ነበር። የመመሪያው መጽሐፍ ቃላት እጅ አልሰጥ ባሉ ጊዜ መሀመድአወል ወደ ስንዴው ማሳ ወስዶ ማሽኑን ብልት በብልት እየነካ አሳያቸው፤ ማጣሪያው ይህ፣ ማፍሰሻው ይህ፣ ግራሶ የሚጠጣው ይህ። ጁሀራም እጃቸው ዘይት ነክቶ የያዙትን ቃል አንድም አልረሱም። እኔ ይህን ሳይ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከዘይቱ ጋር የሚመጣውን ምን አውቄ!

ጥር ሃያ አንድ ቀን ፈተናው በጎባ ሆነ። ያን ጧት አውቶቡስ ቀረ፤ ለጥገና ወደ ጎባ የሚሄድ ኮምባይነር ግን ነበረና፣ ጁሀራ ከመሪው ኋላ ባለው ከፍታ ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀመጡ። ከፊታቸው መሀመድአወል መሪውን ይዞ፣ በስተግራ እትዬ ዙቤዳ ዳቦ ታቅፈው፣ ከኋላ ኦቦ ዱጉማ ባንዲራ ይዘው በእግራቸው፣ ከእሳቸውም ኋላ እኔ፣ ከእኔም ኋላ የቀበሌው ውሾች ተከተልን። በሰው እርምጃ እየሄድን አራት ሰዓት ፈጀብን፤ ሊጀመር አምስት ደቂቃ ሲቀር ገቡ።

ማታ ሳይሆን ወጡ። የተፈተኑትንም እንዲህ ሲሉ አወጁልን፤ «ቃላቱን ከግማሽ በላይ አውቄያቸዋለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። ድርሰቱ ግን አንድ በሽተኛ እንዴት እንዳስታመምሽ ጻፊ ይላል። ከባድ ቃል ማርክ አለው ተብያለሁ፤ ያለኝ ከባድ ቃል ደግሞ የኮምባይነር ነው። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ በሽተኛው ሲመጣ ይንኳኳ ነበር። አጥፍቼው እስኪቀዘቅዝ ጠበቅሁ። የቆሸሸውን ፈሳሽ አፈሰስኩ፣ ማጣሪያውን አጠብኩ፣ የላላውን አጠበቅሁ፣ መገጣጠሚያዎቹን ግራሶ ቀባሁ። በማግሥቱ ያለ አንዳች ድምፅ ወደ ስንዴው ተመለሰ።»

እኔ መሸሻ እዚያው ቁጭ አልኩ። ማኅተሙን የመታሁት እኔ ነኝ! ልጅቷን ገደልኳት፣ አልኩ በልቤ። መሀመድአወል ግን አንድ ስሕተት አላገኘበትም።

በሚያዝያ ደብዳቤው በቀበሌው ስም መጣ። ኦቦ ዱጉማም ሕዝቡን ሰብስበው፣ በአዳራሹ መካከል ቀደው ከፈቱት፤ ይኸ ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች እንግሊዝኛ ሆኖ ተገኘ! ዘቅዝቀው ያዙት፣ መልሰው አቀኑት፣ ለእኔ ሰጡኝ፤ እኔም አይታየኝም ብዬ ለእትዬ ዙቤዳ አቀበልኩ። በመጨረሻ አራት መቶ ቤት ሕዝብ ዞሮ ጁሀራን አየ፤ በዚያ አዳራሽ ሊያነበው የሚችል ሌላ አልነበረምና። ተቀበሉ። አነበቡ። ደግመው አነበቡ። ዕንባቸው ወረቀቱ ላይ ወረደ፤ እትዬ ዙቤዳም «ኢና ሊላሂ!» ብለው ደረታቸውን መቱ፤ ኦቦ ዱጉማ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ያን ጊዜ ጁሀራ ወንበር ላይ ወጥተው እንዲህ ሲሉ አወጁ፤ «እትዬ ዙቤዳ፣ ዝም ይበሉ፣ አልሞትኩም! ሐምሳ ሦስት ይላል። አልፌያለሁ። ከግርጌው ፈታኙ በእጁ ጽፏል፤ ይህች ተፈታኝ ሰውን እንደ ማሽን ታክማለች፣ ሆኖም በሽተኛው ድኗል፣ አንድም ቃል ያለ ቦታው አልገባም ይላል። ደግሞ ሌላ ልንገራችሁ፤ በዚህ ወረቀት ላይ የማላውቀው ቃል የለም። ሁለቴ አየሁ። አንድም የለም!»

ወኮነ ዐቢይ ፍሥሓ፤ እልልታው እስከ ገበያው ተሰማ። ስለዚህም ኤምን ከአብሽ ያስፈቱ፣ ግድግዳን ድል የነሡ፣ በኮምባይነር ወደ ጎባ የገቡ፣ የቃላት ሁሉ አስገባሪ ወይዘሪት ጁሀራ ከማለዲን ከሳነቴ ብርድ እስከ ደሎ መና ሐሩር ስማቸው ከፍ ይበል፤ መርፌያቸው አይመም፤ በአላህም በእግዚአብሔርም ዘንድ ዕድሜያቸው ይርዘም። በመስከረም ወደ ትምህርት ቤታቸው ሄዱ። ታሪክ ጸሐፊ እንዲህ አይጽፍም፣ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ልጻፈው፤ ናፍቀውኛል።