የአያ ብረቱ ዝምታ

ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ እያለ፣ እኔ ሕልም አየሁ።

ከሕልሙ በፊት የሆነውን ላስቀድም። ድሮ ጎጃም በረንዳ ቪዲዮ ቤት ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን ማይክሮፎን ይዤ ቆሜ የውጭ ፊልም በአማርኛ የማስረዳው እኔ ልሳነወርቅ ነበርኩ። ከፊልሞቹ ሁሉ የሚወደደው ስለ አንድ ግዙፍ የብረት ሰውዬ የሚያወራ የጃፓን ካርቱን ነበር። የሰውዬውን ስም ማንም ስላላወቀ እኔ «አያ ብረቱ» አልኩት፤ በዚያው ጸደቀ። አያ ብረቱ በጦርነት ከጠፋች ከተማ የተረፉትን ሰዎች ተሸክሞ የጠፈር መርከብ ላይ ይጭናል። እሱን የምትችል መርከብ ግን የለችም። ሰዎቹ ሲሄዱ ብቻውን ቁጭ ይላል፣ በረዶ ይወርድበታል፣ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ማንም አይናገርም። አንድ ቃል ጃፓንኛ ሳላውቅ ፊልሙን ከዳር እስከ ዳር የምለፈልፈው ሰውዬ፣ እዚያች ቦታ ላይ ስደርስ ማይክሮፎኔን ዝቅ አደርግ ነበር። ቆሎ የሚቆረጥመው እንኳ መንጋጋውን ያቆማል።

አሁን ሜላት የምትባል የስቱዲዮ ባለቤት ፊልሙን ለአዲስ ተመልካች ልታድሰው ተነሣች። ሥዕሉ ጠራ፣ ቀለሙ ደመቀ፣ ለድምፁ እኔ ተጠራሁ። ሁሉ ነገር አልቆ ያቺ ዝምታ ላይ ተጣላን።

«ጋሼ፣ የዛሬ ልጅ ሁለት ደቂቃ ዝም ካሉት ስልኬ ተበላሸ ብሎ ይዘጋዋል። አያ ብረቱ የሆነ ነገር ይበል።»

«ምን ይበል?»

«ስለ ተስፋ ምናምን።»

«አይልም።»

«እንግዲያው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያስቡበት። እምቢ ካሉ ሙሉውን ፊልም ለኮምፒዩተሩ ድምፅ እሰጠዋለሁ። እሱ ጉንፋን እንኳ አይዘውም። ማይክሮፎኑን ክፍት ትቼልዎታለሁ፣ ሐሳብ ከመጣልዎ ይናገሩ» አለችና በሩን ዘግታ ወጣች።

ድምፅ መቅረጫዋ ግድግዳዋ ሁሉ ብርድ ልብስ የተለበጠባት ጠባብ ክፍል ናት። ምሳዬን ፓስታ በልቻለሁ። ፊቴ ያለው ስክሪን ላይ አያ ብረቱ በረዶው ውስጥ ቁጭ ብሏል። እኔም ቁጭ ብያለሁ።

ተነሥቼ በሩን ገፋ ሳደርግ ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ገባሁ። በር ላይ ትኬት ቆራጩ የሚገባውን ሁሉ «እባክህ አንድ ትኬት ቁረጥልኝ» እያለ ይለምናል። አግዳሚዎቹ ላይ የተቀመጡት የፊልሙ ሰዎች ነበሩ፤ ዓይናቸው የሻይ ማስቀመጫ የሚያህል የጠፈር ወታደሮች፣ ቆሎ እየቆረጠሙ። የድሮ ደንበኞቼ ደግሞ ጥቁርና ነጭ ሆነው ቴሌቪዥኑ ውስጥ ተደርድረዋል። ወይን ጠጅ ፀጉር ያላት ጄኔራል ብድግ አለች።

«ይኼ ተመልካች አርጅቷል! ለፊልሙ ይታደስ!»

ወዲያው ደንበኞቼን ቀለም ይቀቧቸው ጀመር። ማዛጋታቸውን ቆርጠው ጣሉ። ዓይናቸውን አሰፉት። ጎማ ጠጋኙ ሐሰን ከውስጥ ሆኖ መስታወቱን ደበደበ።

«ልሳኔ! ዓይኑን አሳንሱለት በላቸው! የሰፈሩ አቧራ በሙሉ ገባብኝ!»

«እኔ ምን ላድርግ ሐሰን፣ ተርጓሚ ብቻ ነኝ!»

«መቼ ተርጉመህ ታውቃለህ አንተ!»

ቪዲዮ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ወጥቼ ሮጥኩ።

ውጪ ሕንፃዎች ተሰልፈው ታክሲ ይጠብቃሉ። አንድ ባለ አምስት ፎቅ አጎንብሶ «ሜክሲኮ ነህ?» ይለዋል ረዳቱን። የበዓል ገበያ ደርሶ ኖሮ በጎች በሰዎች መሐል እየተዘዋወሩ የሰው ወገብ ይዳብሳሉ። አንዱ ሙክት እኔንም ያዘኝ፣ ጀርባዬን ጫን ጫን አደረገና ለጓደኛው፦

«ተወው። ሥጋ የለውም፣ ድምፅ ብቻ ነው» ብሎ ለቀቀኝ።

ከበጉ ሸሽቼ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ግቢ ገባሁ። ኃላፊዎቹ ማኅደራቸውን አቅፈው ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል። በመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠው አያ ብረቱ ነው፤ ጭንቅላቱ ጣሪያውን በስቶ ወጥቷል።

«ዛሬ ሲስተም ስላለ ነገ ተመለሱ» አላቸው።

«ኧረ ጌታዬ፣ ከጠዋት ጀምሮ ቆመናል!» አሉ አንዱ ኃላፊ ኮፍያቸውን አውልቀው።

«ነገ። ልሳነወርቅ፣ አንተ ግባ።»

ድምፁ የራሴ ድምፅ ነበር፤ የወጣትነቴ፣ ያልሻከረው።

«ጃፓንኛ ትችላለህ?» አለኝ።

«አልችልም።»

«ግን ስታስወራኝ ኖረሃል። አንድ ቀን እናቴ ሰበታ ነው ያለችው አስብለኸኛል።»

«ሰው ይወደው ነበር እኮ፣ አያ።»

«እኔም ወድጄዋለሁ። ሰበታ ጥሩ አገር ነው። የምለምንህ አንድ ነገር ነው፤ በረዶው ውስጥ አታስወራኝ።»

«ካላስወራሁህ ለኮምፒዩተር ይሰጡሃል።»

«እሱ ምን ያስብለኛል?»

«ስለ ተስፋ ምናምን።»

አያ ብረቱ ተከዘ። ከጆሮው አንድ ብሎን ወድቆ ተንከባለለ።

ይኼኔ ጄኔራሏ ወታደሮቿን አስከትላ ደረሰች። «ይኼም ሰውዬ አርጅቷል! ይታደስ!» አለች። ከጆሮዬ ኋላ ለካ ማዞሪያ ነበረኝ፤ ይዘው አዞሩት። እንደ ትንኝ በቀጠነ ድምፅ መናገር ጀመርኩ፤ የኳስ ጨዋታ አስተላለፍኩ፣ የአየር ጠባይ አነበብኩ፣ የሳሙና ማስታወቂያ ዘፈንኩ፤ ማቆም አቃተኝ። ጣሪያው ተነሣና በረዶ መውረድ ጀመረ። ኃላፊዎቹ፣ በጎቹ፣ ሕንፃዎቹ፣ ዓይኑ የሰፋው ሐሰን ሳይቀር ከበው «ተናገር! ተናገር!» ይላሉ።

አያ ብረቱ የስልክ እንጨት የሚያህል ጣቱን ከንፈሬ ላይ አሳረፈ።

«በቃ ዝም በል፣ ወንድሜ።»

ዝም አልኩ። ሁሉም ዝም አለ። ያ ሙክት እንኳ ማመንዠኩን አቆመ። በረዶው ፀሐይ ላይ ውሎ የገባ ጋቢ ይመስል ይሞቃል። አያ ብረቱ አጠገቤ ቁጭ አለ፤ ከትንፋሻችን በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። ዕድሜ ልኬን ከተናገርኩት ሁሉ ያ ጥሩ ንግግር መሰለኝ።

«ጋሼ! ጋሼ ልሳነወርቅ!»

ብንን አልኩ። ሜላት ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አድርጋ አጠገቤ ቆማለች። ሰዓቱ ከዘጠኝ አልፏል። ጉንጬ ላይ የማይክሮፎኑ ማቆሚያ ታትሟል።

«ሜላት፣ አንድ ቃል አላገኘሁም፤ ለኮምፒዩተሩ...»

«ዝም ይበሉና ይስሙ» ብላ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ።

ስክሪኑ ላይ በረዶው ይወርዳል። አያ ብረቱ ቁጭ ብሏል። ይተነፍሳል። ከባድ፣ ዝግ ያለ፣ የደከመው ሰው ትንፋሽ፤ ወደ መጨረሻው ላይ በብሎን ቀዳዳ ንፋስ የሚገባ ይመስል ቀጭን ፉጨት አለው። ቃል የለም። ሁለት ደቂቃ ሙሉ።

ሜላት ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። «ሕይወት ዘሩበት እኮ! አሁን ለማወዳደር ኮምፒዩተሩንም አስተንፍሼው ነበር፤ ምስማር እንደወጋው ጎማ እስስ አለ። እርስዎ ምን አስበው ነው እንዲህ የተነፈሱት?»

አገጬ ላይ የደረቀውን ለሃጭ ዞር ብዬ ጠረግሁ።

«ልምድ ነው» አልኳት።

«ሁለተኛው ክፍል ላይ ደግሞ ስድስት ደቂቃ ዝምታ አለ። ለቀረጻው ምን ላዘጋጅልዎ?»

«ፓስታና ትራስ» አልኩ።