በሞቴ ያልኩበት የሱሺ ቤት

ጋሽ መኮንን በእጄ ያጎረስኳቸውን ጥሬ ዓሣ ናፕኪን ላይ ተፉት። የሆነው ይህ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት፣ አሜሪካ፣ አውሮራ ከተማ፣ ከቻምበርስ ሮድ ገባ ብሎ ባለ ሱሺ ቤት፣ ሰው ግጥም ባለበት ሰዓት። ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው። ዝርዝሩን ካልነገርኳችሁ ግን ትፈርዱብኛላችሁ። ከነገርኳችሁ በኋላም ትፈርዱብኝ ይሆናል።

ጋሽ መኮንን የሳሮን አባት ናቸው። ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ መጡ፤ እግረ መንገዳቸውን ዮናታንን ሊያዩ። ዮናታን የእህቴ ልጅ ነው። ሳሮንን ማግባት ይፈልጋል። እሷም ትፈልጋለች። ግን አባቷ «ይሁን» ካላሉ እንደማታገባ ቁርጡን ነግራዋለች። ሰውዬው ደግሞ ሊመለሱ ነው። የዮናታን አባት በሕይወት ስለሌለ የአባት ወንበር ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ለምን ሱሺ ቤት? እኔም ጠይቄዋለሁ። «አጎቴ፣ ስትረስ የለውም። ሁሉም የፈለገውን ያነሳል፣ ያልፈለገውን ያሳልፋል» አለኝ። ዮናታን እዚህ አገር የመጣው በእናቱ እቅፍ ነው። የፈለጉትን ማንሳት እኛ ዘንድ ነውር እንደሆነ ማን ይንገረው? እኛ «አንፈልግም» እንላለን። ከዚያ ሌላ ሰው ያነሳልናል። እሱም በግድ። ሥርዓቱ ይኸው ነው፣ ማንም ጽፎ አልሰጠንም።

በር ላይ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል ሰው የለም። ስክሪን ነው ያለው። ስምህን ትጽፍበታለህ፣ ከዚያ ሕፃናት ይዞ ከመጣ ሰው ጋር ተጨናንቀህ ትቆማለህ። ጋሽ መኮንን ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ ለብሰው ቁምጣ በለበሰ ጎረምሳና በአንድ የሕፃን ጋሪ መካከል ቆሙ። አላጉረመረሙም። እኔ ግን አፈርኩ። ለሚስት ጠያቂነት የመጣ ሰው አማቹን በር ላይ ያቆማል እንዴ?

መጨረሻ ላይ ሦስታችን ተቀመጥን፤ ሳሮን ከሥራ ስትወጣ ትቀላቀለናለች። ምግቡ በፕላስቲክ ክዳን ተሸፍኖ በሚዞር ቀበቶ ላይ ሆኖ በጎናችን ያልፋል። ሩዝ፣ ሩዙ ላይ ቀይ ዓሣ። ሩዝ፣ ሩዙ ላይ ነጭ ዓሣ። ሩዝ፣ ሩዙ ላይ እግር ያለው ነገር። ጋሽ መኮንን ጥቂት ሲመለከቱ ቆይተው «ኤርፖርት ላይ ሻንጣዬም እንዲህ እየዞረ ነው የመጣው» አሉ። አስተናጋጁ የታለ ብለው ጠየቁኝ። ውሃ የሚያመጣው ሮቦት ነው አልኳቸው። የቀለድኩ መሰላቸው።

ሮቦቱ መጣ። ቁመቱ ወገብ ይደርሳል፤ ፊቱ ላይ በመብራት የተሳሉ ሁለት ዓይኖች አሉት። ጋሽ መኮንን ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «ኖር» አሉት። ሮቦቱ በእንግሊዝኛ ውሃችሁን አንሱ አለ። እሳቸው ምላሽ ያገኙ መስሏቸው ረክተው ተቀመጡ። ዮናታን ሊስቅ ሲል አየሁት፤ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

ከዚያ ዋናው ጉዳይ መጣ። ዮናታን በጨዋ ደንብ «ጋሼ፣ ምን ላንሳልዎት?» አላቸው።

«ኧረ እኔ በልቼ ነው የመጣሁት ልጄ። እናንተ ብሉ።»

ዮናታን ምን ቢል ጥሩ ነው? «ኦኬ ጋሼ» አለ። ሳልመን የሚሉትን ቀይ ዓሣ አነሳና መብላት ጀመረ።

በጠረጴዛው ሥር መታሁት። «አጎቴ፣ እግሬን እኮ ነው» አለ፣ ጮክ ብሎ። ጋሽ መኮንን መነጽራቸውን እየወለወሉ ነበር። ጠጋ ብዬ ለምናቸው አልኩት።

«ኖ አሉ እኮ።»

«ኖ ማለታቸው አይደለም።»

«ታዲያ ምን ማለታቸው ነው?»

«ለምነኝ ማለታቸው ነው።»

«ለምን ዝም ብለው የስ አይሉም?»

በአገጬ ወደ ሳህኖቹ ጠቆምኩት።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ከዚያ አልመለስበትም። በወጣትነቴ ኬንያ፣ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ነበርኩ። በገባሁ ዕለት ማታ ወንዶች አንድ ትሪ ከበው ሲበሉ ደረስኩ። ና ብላ አሉኝ። እህል ከቀመስኩ ቆይቻለሁ። ያሳደገችኝ እናት ግን ሰው ቤት ስትገባ መጀመሪያ «በልቻለሁ» በል ብላ ነው ያስተማረችኝ። በልቻለሁ አልኩ። ትሪው አጠገብ የተቀመጠው ሰውዬ ቀና ብሎ አየኝና «እሺ» አለ። ትሪው ተጠረገ። በማግስቱ ጨዋነቴ አለቀ። ያች «እሺ» ግን እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለች። ከዚያ ወዲህ ሰው ጠግቤያለሁ ሲለኝ አላምንም። ዮናታን «ኦኬ» ሲል የሰማሁት ያንን ሰውዬ ነው።

ስለዚህ ነገሩን በእጄ ያዝኩ። አንድ ሳህን አንስቼ ክዳኑን ከፈትኩና ፊታቸው አስቀመጥኩ። ትንሽ ይቅመሱ አልኳቸው። በልቻለሁ አሉ። ለእኔ ሲሉ አልኩ። ሆዴ ሙሉ ነው አቶ ደምሴ አሉ። እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው አልኩ በልቤ። አቤት አከላከል! ድሮ ቀረ ያልኩት አስተዳደግ ይኸው ተመለሰ። እሳቸው እምቢ ባሉ ቁጥር እኔ ሌላ ሳህን አነሳለሁ። የተነሳ ሳህን አይመለስም የሚል ጽሑፍ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ማን ያነበዋል? ጠረጴዛው ሞላ።

«አጎቴ፣ ሪሊ አይፈልጉም መሰለኝ» አለ ዮናታን።

«ዝም ብለህ ተማር» አልኩት።

ወደ ጋሽ መኮንን ዞርኩ። ቁርጥ ይበሉ የለም ወይ፣ ይሄም ያው ጥሬ ነው አልኳቸው።

«የበሬውን አውቀዋለሁ» አሉ። «ይሄን የት አውቀዋለሁ?»

ሳቅኩ። እጅ ወደ መስጠቱ ተቃርበዋል ብዬ ነው። ሩዙን ከነዓሣው በእጄ አነሳሁ፣ ሶሱ ውስጥ ነከር አደረግኩ፣ ተነስቼ ቆምኩ። «በሞቴ» አልኩ። «አፈር ስሆን።»

ይህ ቃል ከወጣ በኋላ የተከበረ ሰው መሸሻ የለውም። ሽጉጥ ቢደቀንበት ይሻለዋል፤ ለሽጉጥ ቢያንስ ፖሊስ ይጠራል። ጋሽ መኮንን አዩኝ። በሩን አዩ። አፋቸውን ከፈቱ።

አንዴ አኘኩ። ቆሙ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። የጎረቤቱ ጠረጴዛ ሰዎች መብላት ትተው ያያሉ። ከዚያ ናፕኪኑን አነሱ። ቀሪውን ነግሬያችኋለሁ።

ሳሮን የደረሰችው ያን ጊዜ ነው። ከሆስፒታል ሥራዋ ወጥታ ዩኒፎርሟን እንኳ አልቀየረችም። «አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው?» አለች። ሳህኖቹን አየች። «ማነው ዓሣ ያበላው? ምሳውን ሠርቼለት ነው ሥራ የገባሁት። ዓሣ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ አይወድም።»

ማንም አልነገረኝም አልኩ።

«እኔ ነግሬዎታለሁ» አሉ ጋሽ መኮንን። ውሃ ተጎነጩ። «ደጋግሜ ነገርኩዎት። ይህን ልጅ አንዴ አይ አልኩት፣ ሰማኝ። እርስዎን ስንቴ ልንገርዎ?»

ሶስ የነካቸውን ጣቶቼን በናፕኪን ጠረግኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው እምቢታ አዋቂ ነኝ ስል ኖሬ አንድ የምር እምቢታ ፊቴ ሲቀመጥ አላወቅኩትም። የእህቴ ልጅ ነው ብዬ የማፍርበት አሜሪካዊ አወቀው። ያውም አፉን በሳልመን ሞልቶ።

ጋሽ መኮንን አፋቸውን ጠርገው ወደ ዮናታን ዞሩ። «ሳሮንም አይ የምትልበት ቀን ይኖራል» አሉት። «ሽማግሌ ላክ።»

ዮናታን ግራ ገብቶት እኔን አየኝ። «ይሄ የስ ነው?» አለኝ።

«የስ ነው» አልኩት።

«አጎትህን ግን እንዳትልክ» አሉ ጋሽ መኮንን።

ሳሮን ፊቷን አዞረች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ እያለቀሰች አልነበረም። ንጹሕ አየር ያስፈልገዋል ብላ አባቷን በአንድ ክንዳቸው ያዘቻቸው፣ ዮናታን በሌላው። ጋሽ መኮንን ሁለቱንም ተደግፈው በተሰለፈው ሰው መካከል አለፉ። በመስታወቱ አየኋቸው። ዮናታን የመኪናውን በር ከፈተላቸው፣ ከፊት ተቀመጡ፣ ሄዱ።

ጠረጴዛው ላይ እኔና ክዳናቸውን የከፈትኳቸው ሳህኖች ቀረን።