ሲስተር መጣሁ

ሳይጠሯት አቤት፣ ሳይልኳት ወዴት የምትል ነርስ የሌለችበት ቤተ ዘመድ የለም። የእኛ ቤት የላትም የሚል ካለ፣ ገና ጤነኛ ነኝ ብሎ የሚያስብ ሰው ነው። እንዲህ ዓይነቷ ነርስ ሠርግ ቤት ገብታ ሙሽራውን ስትስም ትኩሳቱን ለክታ ነው የምትወጣው። ስትጨብጥህ ጣቶቿ ሹልክ ብለው የእጅህ አንጓ ላይ ያርፋሉ፤ አንተ ስለ ልጆችህ ስታወራ እሷ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች የልብህን ምት ትቆጥራለች። ከዚያ እጅህን ቀስ አድርጋ ትመልስልህና "አይዞህ፣ ምንም አይደለም" ትልሃለች። ምንም ያልሆነው ነገር ምን እንደሆነ ግን አትነግርህም። ያን ቀን ምሳ አይበላልህም።

የእነዚህ ሁሉ ቁንጮ ክብርት ሲስተር መጣሁ ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው ታካሚዎች ናቸው። በሽተኛው ጣቱን ወደ ደወሉ ዘርግቶ ገና ሳይነካው፣ ከኮሪደሩ ጫፍ "መጣሁ!" የሚል ድምፅ ይሰማል። አንዳንዱ በዚህ ደስ ይለው ነበር። አንዳንዱ ግን ጣቱን ሰብስቦ ብርድ ልብሱ ውስጥ ይገባና እስኪነጋ አይነቃነቅም።

ጉልበታቸው ታሞ ኮሪደሩ ሲረዝምባቸው ሆስፒታሉ አንድ መላ አመጣ። መቆም ያቃታቸው ነርሶች የሕክምና ኮድ ሥልጠና ይውሰዱ ተባለ። ፈተናውን አልፎ ሰርተፊኬት ያገኘ ካርድ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ይሰጠዋል፤ የወደቀ በጡረታ ይሰናበታል። ሥራው የታካሚውን ካርድ አንብቦ በሽታውን በፊደልና በቁጥር መጻፍ ነው። ተቀምጠው የሚሠሩት ነው፤ ደም የለው፣ ሽታ የለው፣ የሚያቃስት የለው።

አሠልጣኙም ሥራውን የወደደው ለዚሁ ነበር። ዝምተኛ ሰው ነው። ባለፈው ክረምት ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሸሚዙን ራሱ ይተኩሳል፣ ምሳውን ራሱ ቋጥሮ ይመጣል፣ ዕቃውን አጥቦ ይመለሳል። እንዴት ነህ ሲሉት "ደህና" ይላል፤ ከዚያ በላይ የጠየቀው የለም፣ እሱም አልጨመረም። በፊደልና በቁጥር ዓለም ሁሉ ነገር ቦታ ቦታውን ይዟል። የዚያ ዓለም ሕግም አንዲት ናት፤ በየቀኑ ትምህርት ሲጀምር ይደግማታል፦ "ያልተጻፈ የለም።"

ችግሩ ክፍሉ ነበር። ለሥልጠና የተሰጣቸው የተዘጋ ዋርድ ነው፤ ያውም የሲስተር መጣሁ የራሳቸው ዋርድ። አልጋዎቹ ወጥተው ጠረጴዛና ኮምፒዩተር ገብቷል፤ የአልጋ ቁጥሮቹ ግን ግድግዳው ላይ እንዳሉ ናቸው። ደወሎቹ ተነቅለው በቦታቸው የተቆረጠ ሽቦ ቀርቷል። ኮርኒሱ ላይ የመጋረጃው ሐዲድ አለ፤ መጋረጃው የለም፣ መንጠቆዎቹ ብቻ ተንጠልጥለዋል። መስኮቱ ተዘግቶ ሳለ መንጠቆዎቹ በአንድ ወገን ብቻ ቅጭል ይላሉ፤ ሰው መጋረጃ ገልጦ የገባ ይመስላል። ነርሶቹ ቀና ይሉና እርስ በርስ ሳይተያዩ ተመልሰው ያቀረቅራሉ።

ከመጀመሪያዎቹ ቀናት በአንዱ አሠልጣኙ ስለ ስብራት ሲያስረዳ፣ ሲስተር "መጣሁ!" ብለው ተነሡ። እያነከሱ ሰባት ቁጥር ጋ ሄዱ። ባዶው ግድግዳ ሥር ጎንበስ ብለው የአንሶላ ጠርዝ እንደሚያስገባ ሰው እጃቸውን አንቀሳቀሱ፣ የሆነ ነገር አንሾካሾኩ፣ ተመልሰው ተቀመጡ።

"ሲስተር፣ ምን ሆኑ?" አለ አሠልጣኙ።

"ጠራኝ'ኮ።"

"ማን?"

"ሰባት ቁጥር ነዋ።" መነጽራቸውን አጠለቁ። "ቀጥል ልጄ፣ ስብራቱ ላይ ነበርክ።"

ከአጠገባቸው የምትቀመጠው፣ ሳቂታዋ የሚሏት ነርስ፣ "እባክዎ ሲስተር፣ ስምንት ቁጥርንም ይንገሩልኝ፤ ልክ በሻይ ሰዓት ይጥራዎት" አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

"ስምንት ቁጥርማ ጨዋ ነው" አሉ ሲስተር፣ ሳይስቁ። "አጠገቡ ሰው ካለ ይበቃዋል፤ አይጣራም።"

ሳቂታዋ ሳቋን ሳትጨርስ ቀና ብላ ግድግዳውን አየች። ወንበሯ ስምንት ቁጥር ሥር ነበር። ከምሳ በኋላ ጠረጴዛዋ ክፍሉ መሀል ተገኘ።

ትምህርቱም እንደዚሁ ነበር። ሌላው ተማሪ ባለማወቅ ይሳሳታል፤ ሲስተር የሚሳሳቱት በማወቅ ነው። ለልምምድ የሚታደሉት ስማቸው የተሰረዘ የድሮ ካርዶች ናቸው። በአንዱ ላይ ሐኪሙ የጻፈው የእግር ስብራት ብቻ ነበር። ሲስተር የትንፋሹን ቁጥር አዩ፣ የሽንቱን ልክ አዩ፣ የታዘዘለትን ክኒን አዩ፤ ከስብራቱ ሥር የልብ ድካም፣ የሳንባ ውሃና ፍርሃት ጨምረው አስረከቡ።

"የልብ ድካም የሚል የት አለ ሲስተር?"

"ትንፋሹን አታየውም?"

"ትንፋሽ ቁጥር ነው። ሐኪሙ የልብ ድካም ካላለ እኛ አንልም። ያልተጻፈ የለም።"

"የለም ማለት ምን ማለት ነው? ሰውየው በሦስት ትራስ ነው የሚተኛው!"

"ትራሱስ የት ተጽፏል?"

"እንዲህ እየተነፈሱ በአንድ ትራስ ይተኛል? እስቲ አንተ ሞክረው!"

"እሺ፣ ፍርሃቱን ከየት አመጡት?"

ሲስተር ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ጠጋ አድርገህ ስማው።"

አሠልጣኙ ካርዱን ጠጋ አላደረገም። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እጁን በሱሪው ጠረገ።

ደግሞ ሁልጊዜ ልክ አልነበሩም፤ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ የትኩሳቱ ቁጥር በትየባ ስህተት የተገለበጠ ካርድ ደርሷቸው፣ ሰውየውን ገድለው አልቅሰውለት ነበር። ታካሚው የመጣው ጥርሱን ሊነቀል ነው።

የኮዱ መጽሐፍ ግን በጣም ይገርማቸው ነበር። የሌለ ነገር የለውም። ዳክዬ ለነከሰው ሰው ኮድ አለ። ብቻውን ለሚኖር ኮድ አለ። ዘመድ ለሞተበትም አለ። በዕረፍት ሰዓት ጮክ ብለው እያነበቡ ለየሰዉ ያድላሉ፦ ለሳቂታዋ የወገብ ሕመሟን፣ ለዘበኛው ሳሉን፣ ለራሳቸው ብቻን መኖርን። አሠልጣኙ ጋ ሲደርሱ አንድ አፍታ አዩትና፣ ምንም ሳይሉ ገጹን ገለጡት።

ከዚያ የሞት ኮዶች ትምህርት መጣ። ከሁሉ የምታጥር አንዲት ኮድ አለች፤ አንድ ፊደልና ሁለት አኃዝ። ሞቶ ለተገኘ፣ ሲሞት ያየው ለሌለ፣ ምክንያቱም ላልታወቀ ሰው ናት። አሠልጣኙ ሰሌዳው ላይ "ያለ አስታማሚ የሞተ" ብሎ ተረጎማት። ሌሎቹን መጽሐፍ እያየ ሲጽፍ ይቺን ሳያይ ነው የጻፋት።

በልምምድ ፈተናው ላይ ሲስተር ሁሉንም ሞልተው ያቺን ባዶ ተዉአት።

"ይቺ እንኳ ቀላል ነበረች" አላቸው።

"አልጽፋትም።"

"ለምን?"

"አስታማሚ የሌለው ሰው የለማ።"

"ሲስተር፣ ተጽፏል'ኮ! ሰውየው ብቻውን ነው የተገኘው።"

"የተገኘውማ ብቻውን ይሆናል" አሉ ሲስተር። "የሞተው ግን ብቻውን አይደለም። ማንም ብቻውን አይሞትም።"

ከበላያቸው መንጠቆዎቹ ቅጭል አሉ። አሠልጣኙ ጠመኔውን አስቀመጠና ውሃ ሊጠጣ ወጣ። ተመልሶ ሲመጣ ፊቱን ታጥቦ ነበር። ሲስተር አዩት፤ ያን ቀን ስለ ማንም በሽታ አላወሩም።

የልምምድ ውጤቱ ሲመጣ ወድቀዋል። በሚቀጥለውም ወደቁ። ዋናው ፈተና ሲቃረብ አሠልጣኙ የግቢው አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻቸውን አገኛቸው።

"ሲስተር፣ እንዲህ ከሆነ አያልፉም'ኮ።"

"አውቃለሁ።"

"ጡረታውም እኮ ክፉ አይደለም። ያርፋሉ።"

"ዕረፍት?" አሉ። "ልጄ፣ ቤቴ ደወል የለውም። ማን ይጠራኛል? አንድ ሳምንት ዕረፍት ወጥቼ በሦስተኛው ቀን ማሰሮውን 'እንዴት አደርክ' ስለው ራሴን ሰማሁት። እሱም ዝም አለኝ።" ሳቅ አሉና ተዉት። "እዚህ ጆሮዬ ሥራ አለው። እዚያ ገብቼ በሩን ስዘጋ ግን ዝም ይላል። ያ ዝምታ ነው የሚገድለኝ፤ ጉልበቴ አይደለም።"

አሠልጣኙ ያን ዝምታ ያውቀዋል። እሱንም ማታ ማታ በሩን ሲከፍት መጀመሪያ የሚቀበለው ያው ዝምታ ነው።

"ስሙኝ" አለ። "የሰሙትን አይጻፉት፣ ይጠይቁት። ሥራ ሲጀምሩ ካርዱ የጎደለው ከመሰለዎት ለሐኪሙ ጥያቄ መላክ ይችላሉ፤ ኮድ የሚጽፍ ሰው መብት ነው። ሐኪሙም የመመለስ ግዴታ አለበት። ፈተናው ላይ ግን የተጻፈውን ብቻ። ለአንድ ቀን ጆሮዎን ይድፈኑ።"

"ለአንድ ቀን" አሉ ሲስተር፣ መድኃኒት እንደሚቀምስ ሰው።

የፈተናው ዕለት ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ፀሐዩ የሚያቃጥል ነበር። ከሁሉ መጨረሻ ከዋርዱ የወጡት ሲስተር ናቸው። ግድግዳውን ይዘው ቆሙ።

"መጣች፤ ያቺ ጥያቄ" አሉት በር ላይ የሚጠብቀውን አሠልጣኝ።

"ምን መለሱ?"

"የጻፉትን ጻፍኩ። ያለ አስታማሚ አልኩት።" እጃቸውን አዩት። "ከዚያ ይቅር በለኝ አልኩት። ልጄ፣ ወዲያው ዝም አሉ። ሰባት ቁጥር፣ አሥራ አንድ ቁጥር፣ ሁሉም። ያስቀየምኳቸው ይመስለኛል።"

አለፉ። ሳቂታዋ እልል አለች፤ ጠረጴዛም ተሰጣቸው። አሠልጣኙ ኮምፒዩተሮቹን ሊያጠፋ ብቻውን ወደ ዋርዱ ሲገባ ግን አንድ ነገር ጎደለው። መስኮቱን ከፈተ። ነፋስ ገባ፤ ወረቀት በተነ፤ መንጠቆዎቹ ግን ፍንክች አላሉም። ስንት ወር ሙሉ ዝም እንዲል የለመነው ክፍል ይኸው ዝም አለለት። አንድ ሰው "መጣሁ!" እንዲል ጆሮውን ጥሎ ቆየ፤ ከዚያ በራሱ አፍሮ ወጣ።

ሲስተርም ካርድ ክፍል ከገቡ ወዲህ "መጣሁ" አላሉም። ቁጭ ብለው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ የተጻፈውን ይጽፋሉ። ይህ ጥሩ ዜና መሆን ነበረበት። ወር ሳይሞላ ግን አንድ ወጣት ሐኪም አሠልጣኙ ቢሮ በሩን ሳያንኳኳ ገባ።

"ያቺን ሴትዮ ያዝልኝ!"

"ምን አደረጉ ዶክተር?"

"ጥያቄ! በሽተኛ በሞተብኝ ቁጥር ጥያቄ ትልክልኛለች። አንድ ዓይነት ጥያቄ! 'ሲሞት አጠገቡ ማን ነበር?' ይሄ ለኮዱ ምን ይጠቅማል?"

"ለኮዱ ምንም አይጠቅምም።"

"ታዲያ?"

"ታዲያ ይመልሱላቸው።"

"ምን ብዬ? ማንም አልነበረም ብዬ?"

"እውነቱ እሱ ከሆነ ይጻፉታ።"

ዶክተሩ በሩን ሳይዘጋ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የሚያጣጥር ሰው ዘንድ ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ታይቷል ይባላል። ነርሶቹ ግን ጥያቄውን ፈርቶ ነው እንጂ ለጽድቅ አይደለም ይላሉ።

አሠልጣኙ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ካርድ ክፍል ወረደ። ሲስተርን ሊገሥጻቸው ነበር፤ ቢያንስ ደረጃውን ሲወርድ ለራሱ ያለው እንዲያ ነው። ከመደርደሪያዎቹ መሀል ብቻቸውን አገኛቸው። ፊት ለፊታቸው ቆመ።

"ባለቤቴ" አለ። "አስታማሚዋ እኔ ነበርኩ። መድኃኒት ልገዛ ወጣሁ። ፋርማሲው ሩቅ አይደለም።"

ሲስተር አይዞህ አላሉትም። ብዕራቸውን አስቀመጡ።

"ፊቷ ወዴት ነበር?"

"ወደ ግድግዳው።"

"እጇስ?"

"ብርድ ልብሱ ላይ።"

"ጭብጥ ነበር ወይስ ክፍት?"

ዓይኑን ጨፈነ። ይህን ማንም ጠይቆት አያውቅም፤ እሱም ራሱን ጠይቆ አያውቅም። ግን አየው።

"ክፍት። መዳፏ ወደ ላይ።"

ሲስተር ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ብቻዋን ብትሆን ትጨብጠው ነበር" አሉ። "እንደዚያ የሚሆነው የያዘው ሰው ቀስ ብሎ ሲለቀው ነው።"

ይሄ የት ተጽፏል ሊላቸው አሰበ። የትም አልተጻፈም። ሲስተር አይተውት ይሁን ለእሱ ብለው ያሉት ይሁን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በሕጉ መሠረት ይህ ግምት ነው፤ ግምት ደግሞ ኮድ አይሰጠውም።

"እሺ ሲስተር" አለ፤ ያለ ኮድ ወደ ቤቱ ይዞት ሄደ።