የኦቦ ጃርሶ ውርንጭላ ስንት ያወጣል?

መገመት እንወዳለን። የጎረቤታችንን ደሞዝ፣ የሙሽራዋን ዕድሜ፣ የአዲሱን ኃላፊ የትምህርት ደረጃ ከአረማመዱ አይተን እንገምታለን፤ ያውም ማንም ሳይጠይቀን። "የገመታችሁትን ጽፋችሁ፣ ፈርማችሁ፣ ማህተም አሳርፋችሁ አምጡ" ስንባል ግን ምላሳችን ይተሳሰራል። እኔ ይህን ያወቅሁት ነገሌ ላይ፣ በአንድ የፈረስ ውርንጭላ ምክንያት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በንብረት ክፍል የምሠራበት የእርዳታ ድርጅት ፕሮጀክቱ አለቀና ቢሮው ሊዘጋ ሆነ። ወንበሩም፣ ጠረጴዛውም፣ ተነስቶ የማያውቀው ጄኔሬተርም ሳይቀር ዋጋ ተተመነላቸው። ውርንጭላው ብቻ ቀረ። እናቱ ከቦሬ የመጣች ባዝራ ነበረች፤ ወደ ሊበን ገጠር መድኃኒት ስታመላልስ ኖራ፣ እሱን በወለደች በሳምንቷ ሞተች። ዘበኛችን ኦቦ ጃርሶ ከራሳቸው ላም ወተት እየቀነሱ አሳደጉት። እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩት። የድርጅቱ ባዝራ የወለደችው ግን የድርጅቱ ንብረት ነውና፣ ከፈለጉት በገበያ ዋጋ ይግዙት ተባለ። በእጃቸው ያለው የስንብት ክፍያቸው ብቻ ነው፤ አራት ሺህ ብር። ዋጋው ከዚያ ካለፈ ውርንጭላው በጨረታ ለሌላ ሰው ይሄዳል።

በግመልና በከብት አገር የውርንጭላ ዋጋ ከየት ይምጣ? ሦስት አባላት ያሉት ገማች ኮሚቴያችን ውርንጭላውንም ኦቦ ጃርሶንም አስከትሎ ገበያ ወረደ። ደላላው ገልገሎ "አካም፣ ናጋ?" ብሎ ተቀበለንና፣ "ይሸጣል?" አለ።

"አይሸጥም። ዋጋውን ብቻ ንገረን።"

"ሻጭ የለ፣ ገዢ የለ፣ ምኑን ልንገራችሁ? ዋጋ ከእጅ ነው የሚወጣው!"

እውነቱን ነው። እዚያ ገበያ ዋጋ በአፍ አይጠራም። ሻጭና ገዢ በፎጣ ስር እጅ ለእጅ ተያይዘው በጣት ይከራከራሉ፤ አንድ የተጨበጠ ጣት አንድ ሺህ ብር ነው፤ ዙሪያውን የቆመው ወሬኛ ምንም አይሰማም። ስለዚህ ኮሚቴው እዚያው ግመሎቹ መሀል ተሰብስቦ ድራማ ለመሥራት ወሰነ። እኔ ገዢ፣ ገመዱን የያዙት ኦቦ ጃርሶ ሻጭ። አያችሁልኝ? ሊሸጥ የመጣው ገዢ፣ ሊገዙ የመጡት ሻጭ! እኔ ግን በልቤ ደስ ብሎኛል። አራት ጣት እጨብጣለሁ፣ እሳቸው እሺ ይላሉ፣ አለቀ።

ፎጣው ተጣለብን። አራት ጣታቸውን ጨበጥኩ፤ ጥቅሻም ጨመርኩበት። ኦቦ ጃርሶ አምስቱንም ጣቴን ጥርቅም አደረጉት። ተሳስተው መስሎኝ እንደገና አራት አልኩ። አምስቱን ጨብጠው አንድ ደገሙ።

"ኧረ ኦቦ ጃርሶ፣ የሚከፍሉት እኮ እርስዎ ነዎት!" አልኩ በሹክሹክታ።

"ደረቱን እይ! እግሩን እይ!" ይሉኛል በንዴት።

ሰባት ላይ ስንደርስ ጣቴ ሊሰበር ምንም አልቀረው። ገልገሎ ፎጣውን ገፈፈና፣ "አልተስማሙም" ብሎ ወደ ሥራው ሄደ።

የኮሚቴው ጸሐፊ እስክሪብቶዋን አዘጋጅታ፣ "ስንት ሆነ?" አለችኝ። ከፎጣው ስር የሆነውን ማን አየ? "አራት ሺህ" አልኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ እሁድ እሁድ መዘምራን ውስጥ የምቆም ሰው ነኝ። ሦስታችንም ፈረምን። ወረቀቱን ለኦቦ ጃርሶ ስሰጣቸው ምርቃት ነበር የጠበቅሁት።

"አራት ሺህ?" አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። "ይሄ አህያ ነው እንዴ? ሰው በስንት ገዛኸው ሲለኝ ምን ልበል? አልገዛም!"

ለመንኳቸው። ተቆጣኋቸው። ወይ ፍንክች! በማግስቱ ሁለት ፍየሎቻቸውን እየነዱ ገበያ ወረዱ፤ ከሰዓት ሰባት ሺህ ብር ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግፈው፣ "አሁን በትክክል ጻፍ" አሉኝ።

ጻፍኩ። ኦቦ ጃርሶ ፈርመው፣ ገመዱን ይዘው፣ ደረታቸውን ነፍተው ከግቢው ወጡ። እኔ ግን ቅጹ ላይ "ዋጋው የተሻሻለበት ምክንያት" የሚል ባዶ ቦታ ነበረና፣ ብዙ ካሰብኩ በኋላ፣ "ገዢው ዋጋው አነሰብኝ ብለው ቅሬታ ስላቀረቡ" ብዬ ሞላሁት። አለቃዬ ሁለት ጊዜ አነበበውና ቀና ብሎ አየኝ።

"ደህና ነህ ግን?" አለኝ።