እህት ሰው ናት ወይ?

የሹጌዝና የህልማም ሮክ ወዳጆች ማኅበር ቃለ ጉባኤ

ጊዜ፦ የወሩ ሁለተኛ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት
ቦታ፦ የፋርማሲው ጓዳ፣ ከሳል ሽሮፕ ካርቶኖች ጀርባ

የተገኙ፦
ፋርማሲስቷ፣ ሊቀመንበር
የሒሳብ መምህርቷ፣ አባል
ፀጉር አስተካካዩ፣ አባል
የሊቀመንበሯ ታናሽ ወንድም፣ ጸሐፊ

ያልተገኘ፦ የለም። ማኅበሩ ሌላ አባል ስለሌለው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ የሚወዱትን ዘፈን ማካፈል

ሊቀመንበሯ ዘፈኖቹ የማን እንደሆኑ ሳይነገር እንዲደመጡ አሳሰቡ። ጸሐፊው ካመጣቸው አራት ዘፈኖች አንዱን የሠራው ራሱ ነው። በእህትና በወንድም ስምምነት መሠረት፣ ይህን ዘፈን አንድ ሰው እንኳ ካልወደደው ጸሐፊው ጊታሩን ሸጦ ከሰኞ ጀምሮ እዚሁ መድኃኒት ይደረድራል። ፀጉር አስተካካዩ ጊታሩን ለመግዛት አስቀድመው ቢስማሙም፣ በጉዳዩ ፍጹም ገለልተኛ መሆናቸውን በራሳቸው አንደበት አረጋግጠዋል።

የሹጌዝ ተጫዋቾች፣ ስሙም እንደሚለው፣ አቀርቅረው ጫማቸውን ስለሚያዩ፣ አባላትም እንደዚያው እንዲያዳምጡ ተወሰነ። ነጠላ ጫማ ያደረጉት ፀጉር አስተካካይ ጣታቸውን ማየታቸው ጫማ እንደማየት ይቆጠር እንደሆነ ከረጅም ውይይት በኋላ በይደር ተያዘ።

የመጀመሪያው ዘፈን ተደመጠ። ፀጉር አስተካካዩ "መቼ ነው የሚጀምረው?" ብለው ቢጠይቁ ማለቁ ተገልጾላቸዋል። መምህርቷ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቀጣዩ ዘፈን የፀጉር ማሽን ድምፅ እንደሚመስል ከግድግዳው በኩል አስተያየት ሲሰጥ፣ ፀጉር አስተካካዩ "ታዲያ ምን ይምሰል?" ብለው በመቆጣታቸው የማን ምርጫ እንደነበረ ታውቋል።

ከዚያ የጸሐፊው አራት ዘፈኖች ቀረቡ። ጊታሩ ዘፋኙን ጥርግ አድርጎ ስለሚውጠው ከአንዳቸውም አንድ ቃል አልተሰማም። ሁለቱ አባላት ለአራቱም "ደህና ነው" አሉ። "ደህና ነው" ማለት መውደድ እንዳልሆነ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ጸሐፊው እጁን ያወጣው ከልማድ ነው።

ሊቀመንበሯ ግን ሦስተኛው ይደገም አሉ። ተደገመ። አሁንም ይደገም አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ቪታሚኑ መደርደሪያ መልሰው፣ "ማን እንደዘፈነው አላውቅም፤ አንጀቴን ነው የበላው። ወድጄዋለሁ! ይሄን ልጅ አይዞህ የሚለው የለም እንዴ?" ሲሉ ጠየቁ። ጸሐፊው "እኔ ነኝ" ለማለት እስክሪብቶውን ማስቀመጥ ስላስፈለገው፣ ቀጥሎ የሆነው በከፊል አልተመዘገበም።

አጀንዳ 2፦ እህት ሰው ናት ወይስ አይደለችም (ድንገት የቀረበ)

ፀጉር አስተካካዩ ስምምነቱ "አንድ ሰው" እንደሚል አስታውሰው፣ እህት ሰው እንዳልሆነች አመለከቱ። "ቤት ሰው አለ ወይ?" ስንባል "ኧረ ሰው የለም፣ እኛው ነን" እንላለን፤ እናቶቻችንም "ሰው ፊት አታሳፍሩኝ" ሲሉ እኛን ማለታቸው አይደለም ሲሉ አስረዱ። መምህርቷ እህት አንድ ተብላ እንደምትቆጠር አጥብቀው ተከራከሩ፤ ሆኖም እቤታቸው "ለሰው" ብለው የቆለፉበት የብርጭቆ ቁም ሣጥን እንዳለ ሲጠየቁ አመኑ። ከረጅም ውይይት በኋላ እህት ሰው እንዳልሆነችና ጊታሩም እንዲሸጥ ሁለት ለዜሮ ተወሰነ። ሊቀመንበሯና ጸሐፊው ጉዳዩ ስለሚመለከታቸው ድምፅ አልሰጡም።

ፀጉር አስተካካዩ ከካርቶኖቹ አጠገብ የቆመውን ጊታር አንስተው ትከሻቸው ላይ አደረጉ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ሊቀመንበሯ ጊታሩን ከፀጉር አስተካካዩ ትከሻ ላይ አወረዱ። "ሰው አይደለሽም ብላችኋል፤ ይሁን። ይሄ ልጅ እሸጠዋለሁ ብሎ ቃል የገባው ለእኔ ነው። ሰው ካልሆንኩ፣ ለሰው የገባው ቃል የለም" አሉ። መምህርቷ ስሌቱን በልባቸው ሠርተው "ትክክል ነው" አሉ። ፀጉር አስተካካዩ ይህን ቀድሞ ሊነግራቸው የሚገባ ሰው እንደነበረ ቅሬታቸውን አስመዘገቡ።

በመጨረሻም ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዲሰረዝ ተወሰነ። ሊቀመንበሯ ግን እህት ሰው አይደለችም የሚለው ብቻ ባለበት እንዲቆይ ጠየቁ። ምክንያታቸውን ሲጠየቁ "እኔ ለወንድሜ ሰው አይደለሁማ!" ሲሉ መለሱ። ጥያቄው ያለ ተቃውሞ ጸድቆ፣ ጉባኤው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተበተነ።