የሽማግሌዎቹ መኪናና ሁለት ጣሳ ቢራ

እንደ «ለጊዜው» ረጅም ዕድሜ የታደለ ነገር አላየሁም። ከቤታችን ፊት ለፊት ለጊዜው ተብሎ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ አለ፤ ቆርቆሮው ዝጎ ሲያልቅ እንደገና ለጊዜው በቆርቆሮ ታጠረ። ለጊዜው ተወክሎ የመጣው የሠፈራችን ጸሐፊ እዚሁ አግብቶ ሁለት ልጅ አሳደገ። አማቴም «ለጊዜው እናንተ ጋ ልረፍ» ብለው መጥተው አሥራ አንድ ዓመት ካረፉ በኋላ ነው እውነተኛውን ዕረፍት ያረፉት፤ ነፍሳቸውን ይማር። እኔ ራሴ ታደሰን ሳገባ... ይቅር፣ እሱም ያነብበዋል።

ታደሰ ባለቤቴ ነው። አንድ አሮጌ ሚኒባስ አለው፤ የተሠራችበትን ዘመን እንኳን እኛ እሷም የምታስታውስ አይመስለኝም። ግማሽዋ ብረት፣ ግማሽዋ ሽቦ ናት። ሦስተኛ ማርሽ ካልተያዘላት ስለሚወጣ፣ እሱ ሲነዳ እኔ ዘንጉን እይዛለሁ። ታዲያ ባለፈው የታደሰ የወንድሙ ልጅ ለሚ፣ ሲምቦ የምትባል የቢላ ከተማ ልጅ ወድዶ ሽማግሌ ሲልክ፣ ለሽምግልና ሴት አይሄድም ቢባልም እኔ ሄድኩ። ማንም አልተቃወመም። እንደ ሰው ሳይሆን እንደ መለዋወጫ ነበር የተቆጠርኩት።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። የልጅቱ አባት ኦቦ ፊጣ በቤተ ክርስቲያናቸው ስለ መጠጥ ጉዳት የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው። ከዚህ በፊት ልጃቸውን የጠየቀ አንድ ሰው፣ አጎቱ ጠጅ ቤት ታየ ተብሎ ብቻ ተመልሷል። አስቡት፣ አጎቱ! ስለዚህ ለሚ ሦስት ሽማግሌዎች መረጠ፤ በሕይወታቸው ከወተት ያለፈ ያልጠጡ። አፈ ጉባኤያቸው ኦቦ ዲንሳ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ጋቢያቸው እንደ በረዶ የነጣ፣ ንግግራቸውን ከሳምንት በፊት ጀምረው የሸመደዱ። «ከቤታችን የመጠጥ ሽታ ወጥቶ አያውቅም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር መንገድ ላይ ብቻ አራት ጊዜ ሰምተነዋል።

ጉቴ ከተማ ልንገባ ስንል አንድ ጉድጓድ አገኘን፤ ወይም እሱ አገኘን። ከሥራችን አንድ ነገር ቋ አለ። ቀጥሎ መኪናዋ ያጓራችው ማጓራት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ለሚ በዚያችው ደቂቃ ደውሎ «አክስቴ፣ ወፍጮ ቤት ገብታችሁ ነው?» አለኝ። ወፍጮ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! ታደሰ ነዳጅ ለቀቅ ባደረገ ቁጥር ከሥር እንደ ጥይት ዷ! ዷ! ይላል። በኛ አካባቢ እንዲህ ያለ ድምፅ የሰማ ሰው ምንድነው ብሎ አይጠይቅም፣ ይሮጣል። እነዚህን ዓመታት ያሳለፈ ጆሮ ቀልድ አያውቅም። ወደ ገበያ የሚሄዱ ሴቶች ቅርጫታቸውን ጥለው ቦይ ውስጥ ገቡ። የኛ ሚኒባስ መሆንዋን ሲያዩ ወጥተው፣ በኦሮምኛ የተጀመረ በአማርኛ ያለቀ ስድብ ሰደቡን። በሁለቱም ቋንቋ ትክክል ነበሩ።

ኦቦ ዲንሳ ቆጣ ብለው «ሰላም ልንጠይቅ እየሄድን ሰላም እየነሳን አንገባም፤ ይጠገን!» አሉ።

የተቀደደው ማርሚታው ነው፤ ጭሱንና ድምፁን አፍኖ የሚያወጣው ቧንቧ። አንድ የቆየ መጽሐፍ ላይ እንዳነበብኩት ማርሚታ በጣልያንኛ ድስትም ማለት ነው። ይህንን ለታደሰ፣ ከሥር ጆንያ አንጥፎ እንደተኛ ነገርኩት። «ድስት ከሆነማ የሚመለከተው አንቺን ነው፣ ነይ ግቢ» አለኝ። እኔ ድስት ሲበሳብኝ እጥላለሁ እንጂ በሽቦ ጠፍሬ ሌላ ሃያ ዓመት አልቀቅልበትም ብዬ መለስኩለት። የመለሰልኝን መኪናዋ ዋጠችው።

ቀዳዳው ላይ የሚጠቀለል ስስ ጣሳ ያስፈልጋል ተባለ። የወተት ዱቄት ጣሳ ድርቅ ያለ ነው፣ አይጠቀለልም። የቲማቲም ትንሽ ነው። በስስነቱና በልኩ ከሰማይ የወረደ የሚመስለው የቢራ ጣሳ ብቻ ነው። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ግሮሰሪ አለ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ተያዩ፣ ቀጥሎ ሰማይ አዩ፣ በመጨረሻ እኔን አዩ።

ገባሁ። ባለቤቲቱ ባዶ ጣሳ የለም አለችኝ፤ ትናንት ቆራሌው ጠራርጎ ወስዶታል። ያለው ሙሉ ነው። ሁለት ስጪኝ ስላት በበሩ አሻግራ ሦስቱን ነጫጭ ጋቢዎች ተመለከተችና «አባቶች በጠዋት?» አለች። ለመኪናዋ ነው አልኳት። «ውይ፣ መኪናዋም ጀመረች?» አለችና መቀስ ጨምራ ሰጠችኝ።

ጣሳዎቹን ይዤ ሰው ሳያየኝ ልሻገር ብዬ ሮጥኩ። መሮጥ አልነበረብኝም። ኦቦ ዲንሳ «አምጪ፣ እኔ ልድፋው» ብለው አንዱን ተቀበሉኝ። ሰውየው ቢራ ከፍተው እንደማያውቁ ለሚጠራጠር ሰው ማስረጃው ያ አከፋፈት ነበር፤ ጣሳውን ወደ ደረታቸው አስጠግተው፣ እንደ መጽሐፍ ትክ ብለው እያዩ ከፈቱት። ፏ አለ! ከአገጫቸው እስከ ጉልበታቸው አረፋ ሆኑ። ጋቢው ጠጣ። እሳቸው ሳይጠጡ ጋቢያቸው ሰከረ። በውኃ አጠብነው፤ ውኃው ሽታውን ቀሰቀሰው እንጂ አላጠፋውም።

ታደሰ ጣሳዎቹን በመቀስ ሸንሽኖ በቀዳዳው ላይ ጠቀለላቸው፣ በሽቦ አሰራቸው፣ ለጊዜው። መኪናዋ ጸጥ አለች። እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ጸጥ ብላ አታውቅም። ቢላ ስንገባ አንዲት ዶሮ እንኳን አልደነገጠችም። እንዲያውም ከኛ ውስጥ የሚሰማው የኦቦ ዲንሳ ጋቢ ብቻ ነበር።

«አካም ቡልተኒ፣ ነጋ ዳ?» ብለን ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ተቀመጥን። ኦቦ ዲንሳ ተነሥተው ንግግራቸውን ጀመሩ። ያቺን ዐረፍተ ነገር ይዘሏታል ብዬ ስጸልይ ነበር። የሸመደደ ሰው ግን መዝለል አይችልም። «ከቤታችን የመጠጥ ሽታ ወጥቶ አያውቅም» ብለው እጃቸውን በግርማ ሲዘረጉ፣ ጋቢው ተከፍቶ ሽታው እስከ ጓዳ ገባ። የልጅቱ እናት አዴ ጫልቱ ተነሥታ መስኮት ከፈተች። ሲምቦ በመጋረጃው በኩል ብቅ ስትል እናቷ መስኮት ስትከፍት አየች፤ ዐይኗ እንባ ሞላ። እንግዲህ ያን ጊዜ ሳቄ ሁሉ ጠፋ። ለሚ ያቺን ልጅ ካጣ በእኛ ጣሳ ነው።

ኦቦ ፊጣ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንጸልይበት፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ መልስ እንሰጣለን» አሉ። በኛ አገር እንጸልይበት ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? እምቢ ማለት ነው፤ ልብስ የለበሰ እምቢ።

ሊሸኙን ወጡ፤ አዴ ጫልቱም ተከትላን ወጣች። ታደሰ መኪናዋን ሲያስነሣ ከሥር ጥስ፣ ጥስ የሚል ትንፋሽ ተሰማ። ኦቦ ፊጣ ቆሙ። ጆሯቸውን ወደ መኪናዋ ጣል አደረጉ። ቀጥሎ፣ ወይ የኔ ጉድ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉና ከሥር አዩ። ጣሳው በወርቃማ ጽሑፉ እያበራ አፈጠጠባቸው። ኦቦ ዲንሳ ዐይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ዘንጉን ይዤ ቀረሁ።

ኦቦ ፊጣ ጎንበስ እንዳሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ታደሰ፣ እዚህ ላይ ተሳስታችኋል» አሉ፤ ድምፃቸው ግን የአባት ሳይሆን የሙያ ሰው ድምፅ ነው። «ሁለት አይበቃም። ያቺ በቆሎ የምጭንባት ፒካፕ ሦስት ጣሳ ፈጅታለች። ደግሞ ቀለም ያለው ወደ ውስጥ ነው የሚዞረው፣ ሰው እንዳያየው።»



አዴ ጫልቱ ነጠላዋን አስተካከለች። ቀስ ብላ «ሦስቱንስ፣» አለች፣ «ኤኙቱ ዱጌ?» ማን ጠጣው ማለቷ ነው።

ኦቦ ፊጣ ቀና ሲሉ ፊታቸው ሌላ ነበር። ወደ ሚስታቸው አላዩም። ኦቦ ዲንሳን በዚያ በሚሸተው ጋቢያቸው ላይ እቅፍ አደረጉና «ጸሎቱ ተሰምቷል! ልጃችንን ሰጥተናል። አሁን የትም አትሄዱም፤ ግቡ፣ ምሳ እንብላ!» አሉ።

እንግዳ ባለበት ቤት ሚስት ባሏን አትጠይቅም። ምሳ በላን፣ መክሰስ በላን፣ የሲምቦን ሳቅ ሰማን። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሥተን ደኅና ዋሉ ስንል፣ ኦቦ ፊጣ የታደሰን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው «እደሩ እንጂ፣ ምን አስቸኮላችሁ?» አሉ። ሽምግልና ብዙ ሰምቻለሁ። የዚያን ቀን ግን ከልቡ የለመነ ሽማግሌ ያየሁት ከኛ ወገን አልነበረም።