ጠላሽን ላመሰግን ብዬ

ጉዶች፣ ዛሬ ሁለት መስመር ግጥም ገጥሜ የሰው ትዳር ላፈርስ ነበር!

አትሳቁ። ገና አልጀመርኩም።

ለገና ላሊበላ እንድረስ ብለን ከጋሸና በእግር ተነስተናል። «መኪና እያለ?» እንዳትሉኝ። «ገጣሚ በእግሩ ካልሄደ ምኑን ይጽፋል?» ብዬ ፖስት ያደረግኩት እኔው ነኝ። ላይክ ያደረጋችሁ ሁሉ፣ እግሬ ውሃ ቋጥሯል፤ ኑና ተካፈሉኝ!

አብረውኝ የሚሄዱት አባ ተድላ የሚባሉ ሽማግሌ ቄስ ናቸው። ዳገቱን እንደ ዋልያ ነው የሚወጡት። «አባ፣ ብዙ ቀረን?» ስላቸው «ይቺ ናት፣ ከጉብታዋ ኋላ» ይላሉ። ጉብታዋን ስንወጣ ሌላ ጉብታ። ከሷም ኋላ ሌላ!

«አብሽር» ይሉኛል።

ከመንገዱ የባሰው ግን ደግነቱ ነው። በየደጃፉ ሰው ቆሞ ይጎትተናል። «ጾም ላይ ነን» ስንል «ለመንገድ ይሁናችሁ» ብለው ኪሳችንን ቆሎ ይሞሉታል። «ይበቃኛል» የሚባል አማርኛ ላስታ አልደረሰም!

ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አንዲት ሴት መሀል መንገድ ላይ ቆመችብን። ይመኙ ትባላለች።

«በላሊበላ ይዣችኋለሁ፣ ሳትገቡ አታልፉም!»

አባ «በቅዱሱ ከተያዝንማ» ብለው ገቡ። ተከተልኳቸው።

ቤት ውስጥ ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ጥግ ላይ ደግሞ አንድ ሰውዬ ዱላውን ታቅፎ መሬት መሬት ያያል። ማንም አይናገርም፤ የአንድ ለአምስት ስብሰባ ነው የሚመስለው።

እናንተ ብትሆኑ «እነዚህ ሰዎች ምን ሆነው ነው?» ትሉ ነበር አይደል? እኔ ጠላውን አየሁ።

ምን ዓይነት ጠላ መሰላችሁ! አንድ ጣሳ ጠጣሁ፤ ተደገመልኝ። ጉልበቴ ተመለሰ። ክፋቱ፣ ግጥሜም አብሮ ተመለሰ።

ጉሮሮዬን ጠረግኩና ለይመኙ እንዲህ አልኳት፦

*ለደከመ እንግዳ፣ ሁሉንም አሟላሽ፤*
*ባልሽ ምን ጎደለው፣ ቤቱን ሞልቶ ጠላሽ።*

ጭብጨባ ጠበቅኩ።

አባ ተድላ ብቻ ጭናቸውን መቱ። «አቤት ወርቅ! ሰሙ የቤቱ ጠላ፣ ወርቁ የባልዬው ጥላቻ!»

የምን ወርቅ? እኔ ያወራሁት ስለ መጠጥ ነው!

ለካ ጥግ ላይ ያለው ሰውዬ ባሏ ነው። ለካ ጥሏት ከወጣ ከርሟል። ለካ ሽማግሌዎቹ ከገና በፊት ሊያስታርቋቸው ከጠዋት ጀምረው ተቀምጠዋል። «ለምን ጠላሃት?» የምትለዋን ጥያቄ ፈርተው ሲዞሯት ውለዋል። እኔ በግጥም ጠየቅኩላቸው!

«ጠላሽ»! ሕፃን የሚጫወትባት ቃል እኮ ናት! ገጣሚ ነኝ ባዩ ብቻ አልሰማትም።

ሰውዬው ተነሳ። ዱላውም አብሮት ተነሳ።

«ማነው የላከህ? ወንድሞቿ ናቸው?»

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ መንገደኛ...»

«ከጠዋት የለፋንበትን ይኼ ቀዥቃዣ በሁለት ጣሳ ናደው!» አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

ይመኙ ግን ወደ ባሏ ዞረች። «ተዉት። እኔ ለመጠየቅ ያፈርኩትን እንግዳው ጠየቀልኝ። መልስልኛ! ምን ጎደለህ?»

ሰውዬው ዱላውን ዝቅ አደረገ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ያለፈ ያገደመውን ሁሉ ግባ፣ ቁጭ በል ትያለሽ» አላት። «እኔን አንድ ቀን ቁጭ በል ብለሽኛል?»

እኔ በሩን አየሁ። ለመሮጥ።

ይመኙ ቀጥ ብላ መጣች። ወደ እኔ! ያልጨረስኩትን ጣሳ ከእጄ መንጭቃ ወሰደች፣ ሞላችው፣ ለባሏ ዘረጋችለት።

«በሞቴ፣ ቁጭ በል» አለችው።

ቁጭ አለ።

ሽማግሌዎቹ «እሰይ!» ብለው መመረቅ ጀመሩ። እሷን መረቁ፣ እሱን መረቁ፣ ጠላውን ሳይቀር መረቁ። የእኔን ጣሳ ማንም አላስታወሰውም።

ስንወጣ አባ ተድላ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ያን ወርቅ ከየት አመጣኸው ልጄ?» አሉኝ።

«እ... አስቤበት ነው።»

ለበረከት በእግሩ የሚሄድ ሰው፣ ለቄስ ዋሸ!

ቅጣቴ ወዲያው መጣ። አባ ከዚያ ወዲህ በየደረስንበት ቤት «ይኼ ልጅ ባለቅኔ ነው፤ ትዳር ያስታርቃል» እያሉ ያስተዋውቁኛል።

አሁን ጉብታ ላይ ኔትወርክ ፈልጌ ነው የምጽፍላችሁ። እታች ባለው ቤት ጠላ ተቀድቶ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ እኔ እየተጠበቅኩ ነው። ማን ከማን እንደተጣላ አላውቅም!

ወገኖች፣ «ውሃ ብቻ ስጡኝ» ብላቸውስ? ለሱም ወርቅ ያወጡለት ይሆን?